በልመና የሚለብሰው ልጅ

ወገዳ ውስጥ ሹራብ ሠሪዋን ውዴን የማያውቅ እናት የለም። ግንቦት ገብቶ ደመናው ከማዶ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ደጇ ይመጣሉ። ልጁን ዞር በል፣ እጅህን ዘርጋ ትለዋለች፤ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ወገቡን በስንዝሯ ትለካና በቃ፣ ሌላ መለኪያ አታውቅም። ሁለቱ የሹራብ ሽቦዎች ከእጇ የሚለዩት ስትበላና ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ብቻ ነው። መንገድ ስትሄድ እንኳ የክሩን ጥቅል በብብቷ ሸጉጣ እየሠራች ነው የምትሄደው። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ምክሩ ከሹራቡ ጋር ምርቃት ነው። ከሥር ስስ ነገር አልብሺው፣ ከላይ ሹራቡን፣ ከሹራቡ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጊበት ትላለች። ልጁ ረጥቦ ከመጣ መጀመሪያ የረጠበውን አውልቂለት፣ እሳቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ እርጥብ ጋቢ የለበሰ ልጅ ከራቁቱ ልጅ ይብሳል። ይህን ሳትል ሹራብ ያስረከበችበት ቀን የለም። እናቶቹ እውነት ነው እያሉ ይሰማሉ፤ ሰምተው ሲያበቁ ግን ዓይናቸው ሳያስቡት ወደ ግቢው፣ ወደ ውዴ ልጅ ይሄዳል።

የውዴ ልጅ ምንተስኖት ስድስት ዓመት አልፎታል። በዘንድሮው ክረምት የሚለብሰው የአንድ ጎልማሳ ሰው ኮት ነው፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚቱን ይመታል፣ እጅጌው ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ እንደ ጉማሬ አንገት ወፍሯል። ከኮቱ ሥር የሴት ልጅ ሸሚዝ አለ። የጎማ ጫማዎቹም አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። እንግዳ ሰው ቢያየው እናት የሌለው ልጅ ነው ብሎ ያዝንለታል። የሰፈሩ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ ስለት ነው።

ውዴ ከምንተስኖት በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሁለቱንም የወሰደባት ክረምት ነው። ሳል ጀመራቸው፣ ደረታቸው ማፏጨት ያዘ፣ ከዚያ ሄዱ። ለሁለቱም ገና በሆዷ ሳሉ ሹራብ ሠርታላቸው ነበር፤ ያየ ሁሉ ያደነቀው፣ ከመንገድ ጠርቶ ያሳየው ሹራብ። ከሁለተኛው ቀብር በኋላ ታላላቆቹ ሴቶች፣ የሰው ዓይን ነው የበላብሽ፣ ልጆችሽን አስጊጠሽ ለሞት አሳየሻቸው አሏት። እሷም ቃላቸውን ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው። ሦስተኛውን ስታረግዝ የማርያም ደጅ ቆማ ተሳለች፤ ይህን ከሰጠሽኝ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እጄ የሠራው፣ ገንዘባችን የገዛው ልብስ ገላውን አይነካም፣ በስምሽ ለምኜ አለብሰዋለሁ አለች። ሞት የድሀ ልጅ ነው ብሎ እንዲያልፈው ነው እንግዲህ። ልጁ ጥር ላይ ተወለደ፤ ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል ብላ ስሙን ምንተስኖት አለችው።

ስለቱ የራሱ ሕግ አለው። በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል ሰባት ደጅ ትዞራለች። ውጭ ቆማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ስለ ማርያም ለልጄ ማልበሻ ትላለች። የሰጧትን አትመርጥም፤ ቢሰፋም ቢጠብም፣ የወንድ ቢሆን የሴት፣ ስማ ትቀበላለች። ሳይለመን የተሰጠ ግን አይቆጠርም። አንድ ክረምት ጎረቤቷ ሐረገ ወይን ልጁ ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ የልጇን የሕሊናን ወፍራም ጃኬት ይዛ ብትመጣ ውዴ በሁለት እጇ መልሳላታለች። አትቀየሚኝ፣ ሳልለምን ከተቀበልኩ ስለቴ ይፈርሳል አለቻት። ሐረገ ወይንም አልተቀየመችም። ጃኬቱን አስቀምጣ ቆየችና በዓመቱ ውዴ ደጇ ቆማ ስትለምን አውጥታ ሰጠቻት። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

በዚህ ስለት የሚበግነው የውዴ ባል ጣሰው ነው። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ዱቄት ለብሶ ይሄዳል፣ ዱቄት ለብሶ ይመለሳል፣ ነገር አያበዛም። ዓምና ለልጁ ቦቲ ጫማ ገዝቶ መጣ። ውዴ ለሌላ ልጅ ሰጠችበት። የዚያን ዕለት ግን ተናገረ፤ አንቺ ሴት፣ ብርዱ የአንቺን ስለት አያውቅልሽም አላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተሳለችው እሷ ናት፣ ሁለት ጊዜ አፈር ያለበሰችውም እሷ ናት።

ዘንድሮ የመጨረሻው ክረምት ነው። መጪው ጥር ልጁ ሰባት ይሞላዋል፣ ስለቱም ያልቃል። ሰው እንኳን ደረስሽ ይላታል፤ እሷ ግን የቀረው ባጠረ ቁጥር ፍርሃቷ ረዘመ። ሊነጋ ሲል ይጨልማል የሚሉት ነገር ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ሚያዝያ ላይ ልጁ ደረቅ ሳል ሲጀምረው፣ ይኸው መጣ ብላ ጤና ጣቢያ ይዛው ሮጠች። ሲስተሯ ደረቱን አዳምጣ፣ አሁን የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ግን ሳንባው ስስ ነውና እንዳይረጥብ፣ እንዳይበርደው፣ ደረቅና ሙቅ ነገር አልብሺው አለቻት። ለስንቱ እናት የሰጠችውን ምክር እሷው ተመክራ ስትወጣ ፊቷ ጋለ።

ከዚያ በኋላ እጇ ነው የጀመረው ማለት ይቻላል። ከክሮቿ መካከል እንደ ተልባ አበባ ያለውን ሰማያዊ አንስታ ስትሠራ ሰነበተች። ለማን ነው ሲሏት ትዕዛዝ ነው ትላለች። መለካት አላስፈለጋትም፤ የምንተስኖትን ትከሻ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ቆብ ሠራችለት፣ አንገቱን አጠበቀችው፣ እጅጌውን ጥቂት ረዘም አደረገችው። ሹራቡ ሲያልቅ ተንኮሏም አብሮ ተሸርቦ አለቀ። ግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮውን ይዞ ደጅ ሲሰበሰብ፣ ሹራቡን ለሕሊና ሰጠቻት። ሕሊና ከምንተስኖት በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ክንደ ረጅም ናት፤ አይገባትም። ሐረገ ወይን ጠበባት ብላ ታስቀምጠዋለች፣ ሰኔ ላይ ውዴ ደጇ ቆማ ትለምናለች፣ ያኔ ሹራቡ ይወጣል። ልመናውም ልመና፣ ምጽዋቱም ምጽዋት ይሆናል።

ሐረገ ወይን ሹራቡን ተቀብላ ገለባበጠችው። በልጇ ትከሻ ላይ አድርጋ ለካችው። ከዚያ ውዴን ቀና ብላ አየቻትና እጅሽ ይባረክ አለች፤ አጥፋ ነጠላዋ ሥር አደረገችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን ከሰኔ ሚካኤል በፊት ባለው እሑድ የደብሩ ቄስ ስለ ሐናንያና ሰጲራ ሰበኩ፤ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ሸሸጉና ለሐዋርያት ሁሉንም ሰጠን ስላሉት ባልና ሚስት። ሰውን ያታለለ ሰውን አታለለ፣ እግዚአብሔርን አታልላለሁ ያለ ግን ያታለለው ራሱን ነው አሉ። ቄሱ ስለ ሹራቡ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ሴቶቹ መካከል ለቆመችው ለውዴ ግን ስሟን ጠርተው የሰበኩ ያህል ነበር።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ስድስት ደጅ ዞራ ሰባተኛው የሐረገ ወይን ሲሆን፣ ከአጥሩ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመች። እግሯ አልነቃነቅ አላት። አንዱ የያዛት የማርያም ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ በልደታ ሰጥታ በሚካኤል መልሳ ልትወስድ መጣች ቢሏትስ? እውነቱን እንናገር ከተባለ ከሁለቱ የበረታባት ይሉኝታው ነበር። ማርያም ይቅር ትላለች፣ ጎረቤት ግን ያወራል። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለፈችና ሰባተኛውን ደጅ ከላይ ሰፈር ፈለገች። ኮቱን ያገኘችው ከዚያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር አላየችም። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ሲጥል ውሎ ሲጥል ያድራል፣ ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ እስከ ደጁ ይገባል። ኮቱ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም። ምድጃ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ግን ክብደቱ አይቀንስም። የማዳበሪያ ጆንያውን ጥግ ወደ ጥግ አጥፋ እንደ ቆብ ታጠልቅለታለች፤ ልጁ ሲሮጥ ይወድቅበታል። ሲስል ሥራዋን ጥላ ትነሣለች፣ ዝም ሲልም ለምን ዝም አለ ብላ ትነሣለች። መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፣ ትመለሳለች፣ ቁጭ ሳትል ደግማ ትሄዳለች። አንድ ቀን የአንዱን ሹራብ አንድ እጅጌ ረጅም፣ አንዱን አጭር አድርጋ ሠርታ፣ ያዘዘችው ሴት መጥታ እያየቻት ነው የፈታችው። እንዲህ ያለ ነገር ውዴ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ያንገበገባት ግን የሰማያዊው ሹራብ ነገር ነው። ሕሊና አንድም ቀን አልለበሰችውም። ውዴ በየማለዳው በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች፤ ልጅቷ በዚያው በአሮጌ ጃኬቷ ናት። ንቃኝ ነው አለች በሆዷ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ሸጣዋለች አለች። አንድ የገበያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ብታይ ዕቃዋን ጥላ በጭቃው ውስጥ ተከተለችው፤ ትከሻውን ይዛ አዞረችው። ሹራቡ የእጇ ሥራ ነው፣ ግን የዓምናው፣ ለሌላ ሰው የሠራችው ነው። የልጁ እናት ደንግጣ ምን ሆንሽ ብትላት፣ እንዴት እንደያዘላችሁ ልየው ብዬ ነው አለችና በኀፍረት ተመለሰች። ከሐረገ ወይን ጋር እንደምን አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብቻ ቀረ። ጨው መዋዋስ ቀረ፣ እሳት መጫጫር ቀረ። ሐረገ ወይንም ፊቷን ያጠቆረችባት መሰላት፤ የሰው ሹራብ ሸጣ ደግሞ ትኮራለች እያለች ውዴ በገነች።

ፍልሰታ ገባ። የሰፈሩ ልጆች ጾመው፣ በዝናብም ቢሆን እየተጠራሩ ቅዳሴ ይሄዳሉ፣ ቆርበው ይመለሳሉ። ምንተስኖት እኔም ልሂድ እያለ አለቀሰ። ውዴ ሳልህ ሲተውህ አለችው። ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል የሚባለው ለነሐሴም ይሠራል፤ አንድ የገበያ ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ዋለች። ልጁን ከቤት እንዳትወጣ ብላ አስጠንቅቃ፣ ጣሰው ወፍጮው ላይ ስለሆነ ብቻውን ትታው ሹራቦቿን ይዛ ገበያ ወጣች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ የገበያውን ላስቲክ ሁሉ አራገበ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ። ውዴ ዕቃዋን አጠገቧ ላለች ጨርቅ ሻጭ ትታ ሮጠች። ቤቷ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ልጁ የለም። ጆንያው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ በኮቱ ብቻ ወጥቷል ማለት ነው። ምን ጊዜም የፈራችው ነገር ይህ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በረዶው እየወገራት ወጣች። ቅዳሴው አልቋል፤ ግቢው ባዶ ነው፣ ሣሩ በበረዶ ነጥቷል። ደጀ ሰላሙ ሥር የተጠለሉት እማሆይ፣ ልጆቹ በረዶው ሲጀምር ወደ ታች ሲሮጡ አይቻለሁ አሏት። ስትወርድ በየሰው ጣራ ሥር እያየች፣ በየበሩ እየጠየቀች ወረደች። ሁለቱን የወሰደብኝ ክረምት ሦስተኛውንም ሊወስድ ነው፣ እኔው ነኝ የገደልኩት፣ እኔው ነኝ ትላለች ለራሷ።

የሐረገ ወይን አጥር ጋ ስትደርስ ሳል ሰማች። ያን ሳል ከሺ ሳል መካከል ታውቀዋለች። ሳታንኳኳ ገባች።

ምንተስኖት ከምድጃው አጠገብ የሐረገ ወይንን ጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ኮቱ፣ ሸሚዙ፣ ሁለት ዓይነት ጫማው ሁሉ ወልቆ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሕሊና በአሮጌ ጃኬቷ አጠገቡ ተቀምጣ እግሩን ትፈትግለታለች። ሐረገ ወይን ደግሞ በርጩማ ላይ ሆና፣ በጭኖቿ ላይ አንድ ነገር ዘርግታ ወደ እሳቱ አስጠግታ ታሞቃለች። ውዴ ቀለሙን አይታ ባለችበት ቆመች። ሰማያዊው ሹራብ ነው።

ሐረገ ወይን ቀና ሳትል፣ መጀመሪያ የረጠበውን አውልቁ ብለሽን የለ፣ አወለቅሁለት። ጋቢው የውሰት ነው፣ ስለትሽን አይነካም። ይህንን ግን አላለበስኩትም አለች።

"ለምን?" አለች ውዴ።

"አልለመንሽኝማ። ሳይለመን የተሰጠ አይሆንም ያልሽኝ አንቺው ነሽ።" አሁን ቀና ብላ አየቻት። "የሰጠሽኝ ዕለት የማን ልክ እንደሆነ ዐውቄዋለሁ። የሕሊናን ክንድ አንቺ አጥተሽው ነው? ሚካኤል ሲደርስ ሣጥኑ ላይ አድርጌ ጠበቅሁሽ። በአጥሬ ጥግ ቆመሽ፣ ፊትሽን ሸፍነሽ አለፍሽኝ። ምን በደልኳት፣ ከቤቴ የሚወጣ ምጽዋት ለልጇ የማይበጅ ሆኖ ታያት ወይ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ስበግን ነው የከረምኩት።"

ውዴ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ከነጠላዋ የሚወርደው ውኃ ወለሉን አረጠበው። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አስባ ነበር፤ ንቀቱን፣ ሽያጩን፣ ኩራቱን። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ደጅ እየጠበቁ፣ ልጁ መካከል ላይ ሲንቀጠቀጥ መክረሙን ግን አላሰበችም።

"ተንኮል ነበር ሐረግ" አለች። "እንድትመልሽልኝ ብዬ ነው የሰጠሁሽ። ማርያምን ላታልል ነበር፣ በኋላ ፈራሁ። ያፈርኩት ደግሞ አንቺን ነው።"

"ዐውቃለሁ። ሹራቡ ግን እጅሽ ቢሠራውም ለልጄ ተሰጥቷል፣ የልጄ ነው። ብፈልግ እሰጥሻለሁ፣ ብፈልግ እነፍግሻለሁ። ማርያምም ከልመናው ሌላ ምን ትፈልግብሻለች? በይ ተነሽ፣ ልጁ በረደው። ወጥተሽ ለምኚኝ።"

ውዴ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። በረዶው ቆሟል፣ ዝናቡ ግን ይወርዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰው ደጅ ቆማ ለምናለች፤ ቃሉ አፏን ለምዶት ነበር። አሁን ግን ነጠላዋን አደገደገች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ደግማ አደገደገች።

"ስለ ማርያም" አለች በመጨረሻ። "ስለ እመቤታችን፣ ለአንድ ልጄ ማልበሻ።"

ከውስጥ የልጇን ድምፅ ሰማች፤ እማ ናት እኮ ይላል። ሕሊና ዝም በል ስትለው ይሰማል። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሐረገ ወይን ሹራቡን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፣ ስለ ማርያም ብላ ዘረጋችላት። ውዴ ስማ ተቀበለች። ክሩ ከእሳቱ ሞቆ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ አለች፤ ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው።

ገብታ ጋቢውን ገልጣ አለበሰችው። በስድስት ዓመት ውስጥ የእጇን ሥራ ለብሶ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ቆቡን በጆሮዎቹ ላይ ሳበችለት፣ አንገቱን አስተካከለችለት፣ ከዚያ እጅጌዎቹን ይዛ ወደ ታች ጎተተቻቸው። አልደረሱም። ደግማ ጎተተች። የልጁ ሁለት የእጅ አንጓዎች ከእጅጌው ወጥተው ቀርተዋል። ረዘም አድርጋ ነበር የሠራችው፣ ስንዝሯ ደግሞ ተሳስታ አታውቅም። እጅጌውን ትታ ልጁን አየችው፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጉልበቱ፣ ክረምቱን ሙሉ ባላየችው አስተያየት። ይሞትብኛል እያለች ደረቱን ስታዳምጥ ስትከርም፣ ልጁ ለካ እያደገ ነበር።

ሐረገ ወይንም አየች። ጥር ሲመጣ ትቀጥይለታለሽ አለች፤ አሁን ግን ምጽዋት ነውና አንድ ክር እንዳትጨምሪበት። ውዴ እሺ አለች። ሽቦዎቿ ገበያ ቀርተዋል፤ እጆቿ ሥራ ፈትተው ስለማያውቁ የልጇን ሁለት አንጓዎች በመዳፎቿ ሸፈነቻቸው፣ ዝናቡ እስኪያባራም እንደያዘቻቸው ተቀመጠች።